ወንድሜን ሊጠይቅ የመጣው የወደብ ሠራተኛ

መገናኛ፣ የሰሚት ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው ያገኘሁት። የወንድሜ የታምራት ሙት ዓመት ስለደረሰ ከሃያ ሁለት ሰፈር ጧፍና ዘቢብ ገዝቼ በፌስታል አንጠልጥያለሁ። ሰልፉ አስፋልቱን ተከትሎ ተጠማዟል፣ ሚኒባሱ አይመጣም። ከፊቴ የቆመው ሰውዬ ዞር ብሎ «የሰሚት በዚህ ነው አይደል?» አለኝ። ፀጉሩ ሸብቷል፣ ወፍራም መነጽር አድርጓል። መልኩን ብቻ ባይ ኖሮ አልለየውም ነበር። ድምፁ ግን ያው ነው። ያንን ድምፅ አንድ ቀን ብቻ፣ አትላስ ሆቴል በር ላይ፣ ጥበቃውን በትሕትና ሲያናግር ሰምቼው ነበር። እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። አስተርጓሚው ሰሎሞን ነው። እናቴ ስሙን ጠርታው አታውቅም፤ «ያ ምላሰ ጠማማ» ነው የምትለው።

«አዎ፣ በዚህ ነው» አልኩት።

ከየት እንደምጀምር አላውቅም። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ እዚያው የቀረሁ ሰው ነኝ። በቤታችን የሚጽፍ ታምራት ነበር፤ የማኅበሩን ማመልከቻ፣ የጎረቤቱን አቤቱታ፣ የእድሩን ማስታወቂያ ሁሉ እሱ ነው የሚጽፈው። እኔ ስጽፍ ቃሉ ይጠፋብኛል፣ እየቆምኩ ነው የምሄደው። ቢሆንም ሌላ የሚጽፈው ሰው ስለሌለ እኔው ልሞክር።

በዚያ ዘመን ቦሌ ይገነባ ነበር። ዛሬም ይገነባል፤ የዚያን ጊዜው ግን ለኛ አዲስ ነገር ነበር። ጠዋት ባዶ ያየነው ቦታ ማታ ስንመለስ በቆርቆሮ ታጥሮ እናገኘዋለን፣ ትንሽ ቆይቶ የባሕር ዛፍ መወጣጫ ይቆምበታል፣ ከዚያ መስታወት ይለብሳል። እኔ ገርጂ አንድ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ውስጥ ሻጭ ነበርኩ። ሲሚንቶ ሲጠፋ ባለሀብቱ ሁሉ እጄን ይዞ ይለማመጠኝ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ጥቁር የቆዳ ጃኬቴን እለብስና (ለሱ ስል ስንት ወር ምሳ ሳልበላ እንደኖርኩ እኔ ነኝ የማውቀው) ከጓደኞቼ ጋር ቦሌ መንገድ እወርዳለሁ። ማኪያቶ አንድ ብር ከምናምን ነበር። አንዱን ማኪያቶ ይዘን ሁለት ሰዓት እንቀመጣለን፣ አስተናጋጇ ጠረጴዛችንን እየደጋገመች ትወለውላለች፣ እኛ አንነሳም። ከመገናኛ ቦሌ በታክሲ ሳንቲም ነው የሚከፈለው። ሰሚት የሚባል ሰፈር አልነበረም፤ ጤፍና ስንዴ የሚዘራበት የገበሬ ማሳ ነበር፣ ወተት የምታመላልስልን ሴት ከዚያ ነበር በአህያዋ የምትመጣው። ዛሬ እኔና እናቴ የምንኖርበት ኮንዶሚኒየም የቆመው እሷ እህል ያጨደችበት መሬት ላይ ሳይሆን አይቀርም።

ዘመኑ የጦርነትም ዘመን ነበር። እንዴት ልበል፣ ሁለቱ አንድ ላይ ነበሩ። ሃያ ሁለት ላይ ጎን ለጎን ሁለት ካሴት ቤቶች ነበሩ፤ አንዱ የፍቅር ዘፈን ይለቃል፣ አንዱ ቀረርቶና ሽለላ። አንዱ ድምፅ ሲጨምር ሌላውም ይጨምራል። በሁለቱ መሀል ቆመን ታክሲ እንጠብቃለን። ግንባሩ ሩቅ ነው፤ በኛ ሰፈር ጦርነቱ የሚታወቀው በሬዲዮ ነበር፣ በኋላ ደግሞ በየግቢው በሚተከለው የለቅሶ ድንኳን። ሕንፃው ግን አንድ ቀን እንኳ ማደጉን አላቆመም።

ታምራት የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ጨርቅ ቆራጭ ነበር። ፋብሪካው ዛሬ የለም፣ አፓርታማ ቆሞበታል። እዚያ የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሆኖ ተመርጦ ነበር። ሁልጊዜ ነጭ ሸሚዝ ይለብሳል፣ አንገቱ ላይ ያለቀውን እናቴ ገልብጣ ትሰፋለታለች። ጦርነቱ ሲጀመር ፋብሪካው የወታደር ልብስና ድንኳን ወደ መስፋት ዞረ። ሥራው በሦስት ፈረቃ ሆነ። አቧራ ጨርቁን እንዳያበላሽ ተብሎ መስኮቱ ሁሉ ተዘጋ። የጨርቁ ብናኝ መውጫ አጥቶ ሰው ደረት ውስጥ ገባ፤ ሴቶቹ ማሽኑ ላይ እየወደቁ ይወሰዱ ጀመር። ታምራት መስኮቱ እንዲከፈት፣ እርጉዞቹ እንዲያርፉ ጠየቀ። ሥራ አስኪያጁ «ግንባር ያሉት መቼ አረፉ?» አለው። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ማሽኖቹ ዝም አሉ፣ ፈረቃው እስኪለወጥ ድረስ ማንም አልነካቸውም። በማግስቱ ታምራትንና የማኅበሩን ጸሐፊ ወርቁን ወሰዷቸው። የጦርነቱን ሥራ አሰናክለዋል፣ ጠላት ረድተዋል ተባለ። ታምራት መርማሪው ፊት ቆሞ «ልብሱን አንሰፋም አላልንም፤ መስኮቱን ክፈቱልን ነው ያልነው» ብሎ ነበር። ይህችን ቃል ሰፈሩ ሁሉ ያውቃታል፤ ጮክ ብሎ የሚላት ግን አልነበረም።

ማንም አይጠይቀንም ነበር። እውነቱን ለመናገር ጎረቤት ሁሉ ልጁን ግንባር ልኳል፣ እንዴት ብሎ ይጠይቀን? እናቴ ገበያ ስትወጣ ሰላምታ የሚነፍጓት ነበሩ። በዚያ ጊዜ ነው ፎቶግራፉ የመጣው። የታምራት የሥራ ባልደረባ በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣልን፤ የእስሩ ወሬ በሠራተኛ ማኅበራት በኩል ባሕር ማዶ ደርሶ ነበር። ስሙን ሰምቼው የማላውቅ የባሕር ወደብ ነው፤ ብርድ ያለበት አገር። ትልልቅ የዕቃ ማንሻ ማሽኖች ሥር፣ ቢጫ የዝናብ ልብስ የለበሱ ሰዎች ተሰልፈዋል። በሸራ ላይ የታምራትና የወርቁ ስም በነሱ ፊደል ተጽፏል። ዝናብ ይዘንባል። ብዙዎቹ ሽማግሌ ናቸው።

«እነዚህ ሰዎች ሥራ የላቸውም?» አለች እናቴ።

«አላቸው እማዬ። መርከብ ላይ ጭነት የሚያወርዱ ናቸው። ሥራ አቁመው ነው የቆሙት።»

«ለኔ ልጅ ብለው?»

«ለታምሬና ለወርቁ።»

«ዝናብ ላይ?» አለችና ፎቶውን ሳመችው። «የክርስትና ስማቸውን ጠይቁልኝ። ቄሱ በጸሎት ያስቧቸው።»

«እማዬ፣ ፈረንጆች ናቸው እኮ።»

«ታዲያ ፈረንጅ አይጠመቅም ያለህ ማነው? ይልቅ ጠይቅልኝ።»

ከዚያ ወዲህ ሰዎቹን «ዘመዶቻችን» ነበር የምትላቸው። ዝናብ ሲዘንብ ወደ ውጭ እያየች «ዛሬም ቆመው ይሆን?» ትላለች።

ታምራት እዚያ ውስጥ ታመመ። ከፋብሪካው ይዞት የገባው ሳል ነበር፣ እስር ቤቱ ደግሞ ቀዝቃዛ ነው። ስንቅ ስናደርስ የሚታጠብ ልብስ ይወጣልናል። እናቴ ፎጣው ላይ ደም አየች። ለብቻዋ አጥባ አሰጣችው፤ ለኔ የነገረችኝ ከብዙ ቀን በኋላ ነው። የእስር ቤቱ ክሊኒክ የሕመም ማስታገሻ ሰጥቶ ይመልሰዋል። ወደ ውጭ ሆስፒታል ይላክ ብለን ያልለመንነው ቢሮ የለም። በዚህ ጊዜ የወደብ ሠራተኞቹ አንድ ሰው ሊልኩ እንደሆነ ተሰማ። ስሙ ኤሪክ ነው፣ ሽማግሌ ነው። ባለሥልጣኖቹ ተከራክረው ተከራክረው ፈቀዱ፤ ሁለቱን እስረኞች ያይ፣ ከሁለቱ የታመመ አለ ካለ እናሳክማለን አሉ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈለገው። ታምራት «ታምሜያለሁ» ካለ ሆስፒታል ይሄዳል።

በዋዜማው ልጠይቀው ሄድኩ። በዚያን ጊዜ ጠያቂና ተጠያቂ በሁለት የእንጨት አጥር ተለያይቶ ነው የሚነጋገረው፤ በመሀሉ ፖሊስ ይመላለሳል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚጮህ አንተም ካልጮህክ አይሰማህም።

«ታምሬ! ሰውዬው ነገ ይመጣል!»

«ሰምቻለሁ!»

«ስለ ደረትህ ንገረው! ከሁሉ በፊት እሱን!»

«እሺ! እማዬ ደህና ናት?»

«እማዬን ተዋት! ደረትህን በለው!»

«ማሙሽ፣ ምነው እንደ ወያላ ጮህክ?» አለና ሳቀ። ፖሊሱም ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነበት፣ አጥሩን ይዞ ጎንበስ አለ። ቀና ሲል «እነግረዋለሁ አልኩህ፣ ሂድ» አለኝ።

በማግስቱ እኔና እናቴ አትላስ አካባቢ፣ ሰውዬው ያረፈበት ሆቴል በር ላይ ቆመን ዋልን። እንድናገኘው አልተፈቀደልንም። ከሰዓት በኋላ ከእስር ቤቱ የሚመልሳቸው መኪና መጣ። ረጅም፣ ትከሻው ሰፊ ሽማግሌ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ወረደ፤ ዓይኑ ቀልቷል። ሰሎሞን ከጎኑ ነበር። በሩ ላይ ያለውን ጥበቃ «ይቅርታ ወንድሜ፣ አንዴ አሳልፈን» አለው። እናቴ እጇን አነሳች፣ ሰውዬው አላያትም።

ከጥቂት ቀን በኋላ ወርቁ ሆስፒታል ገባ። ታምራት አልገባም። ቢሮ ስንጠይቅ «እንግዳው ራሳቸው ጤነኛ ነው ብለው ፈርመዋል» አሉን። አጥሩ ጋ ሮጥኩ። «ነገርከው ወይ?» አልኩት። «ተወው ማሙሽ። ሰውዬው ጥሩ ሰው ነው» አለኝ። ፖሊሱ አጠገቡ ስለነበር መናገር ፈርቶ ነው ብዬ አሰብኩ። እናቴ ግን በዚያው ሰዓት ፈረደች። ልጇ ተናግሯል፣ አስተርጓሚው ቃሉን አጣሞታል። ለነሱ የሚሠራ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ጥየቃ ተከለከለ። ክረምቱ ሳይወጣ ታምራትን ኑና ውሰዱ አሉን። ከዚህ በላይ ስለዚያ ቀን መጻፍ አልችልም።

የወደብ ሠራተኞቹ ሲሰሙ ወደቡን ሙሉ ቀን ዘጉት ተባለ። የዚያም ፎቶ መጣልን። እናቴ አላየችውም።

እንግዲህ ያ ሰው ነው መገናኛ ሰልፍ ላይ ከፊቴ የቆመው። ታክሲ መጣ፣ ረዳቱ «ሰሚት! ሰሚት! የመጨረሻ ሁለት ሰው!» ይላል። እኔ አፌን ከፈትኩ።

«ሰሎሞን አይደለህም?»

«ነኝ። ይቅርታ፣ የት ነበር የምንተዋወቀው?»

«አንተ አታውቀኝም። የታምራት ወንድም ነኝ። የልብስ ስፌቱ ታምራት።»

መነጽሩን አወለቀ። መልሶ አደረገው። ከኋላችን የቆመች ሴት «ወንድሞች፣ ሰልፉ ሄዷል እኮ! ወይ ተራመዱ ወይ ልቀቁ!» አለች። ለቀቅን። አንድ የግንባታ አጥር ተደግፈን ቆምን።

«ምን ብሎህ ምን አልክ?» አልኩት። ሌላ የምለው አልነበረኝም። ይህን ጥያቄ ተሸክሜው ነው ያረጀሁት።

ሰሎሞን ሳይቸኩል ነገረኝ። ክፍሉ ጠባብ ነበር፤ ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር፣ ጥግ ላይ አንድ መኮንን። ታምራት ሲገባ እንግዳው ካልተቀመጠ አልቀመጥም አለ። ከዚያ እንደ ደንቡ ጠየቀ፤ መንገዱ እንዴት ነበር፣ አገር ደህና ነው፣ የወደቡ ወንድሞች ደህና ናቸው፣ ልጆች አሉዎት ወይ።

«ስተረጉምለት ኤሪክ ኮፍያውን በእጁ አዟዟረ» አለኝ ሰሎሞን። «ከዚያ ልጅ ነበረኝ አለ። አንድ ልጅ። አብሮት እዚያው ወደብ ላይ ነበር የሚሠራው። ጭነት የተንጠለጠለበት ገመድ ተበጥሶ ልጁ ላይ ወደቀ። ቀብሮት ነው የመጣው። ቤት መቀመጥ ስላልቻልኩ እኔን ላኩኝ ብዬ ለመንኳቸው አለ።»

«ታምራትስ?»

«ብድግ አለ። መኮንኑ ተቀመጥ ሲለው ‹ጌታዬ፣ ሰው ልጁን ቀብሮ ነው የመጣው› አለው። መኮንኑም ተወው። ታምራት ጠረጴዛውን ዞሮ ሽማግሌውን በትከሻው ያዘው። ‹እኛ አገር ልጁን የቀበረ ብቻውን አይቀመጥም ብለህ ንገርልኝ› አለኝ። የልጁን ስም ጠየቀው። ዕድሜውን ጠየቀው። መልኩ ማንን እንደሚመስል ጠየቀው። ሰውዬው አለቀሰ። እኔም እየተረጎምኩ አለቀስኩ። የተሰጠን ጊዜ በዚህ ሄደ።»

«ስለ ደረቱ አልተነሳም?»

«ተነሳ እንጂ! መጨረሻ ላይ ኤሪክ ራሱ ‹ታመሃል ብለውኛል፣ እውነት ነው?› አለው። ወንድምህ ‹ደህና ነኝ በለው› አለኝ። ደረቱ እኮ ከሩቅ ይሰማል። ‹ታምራት፣ እባክህ› አልኩት በአማርኛ። ምን አለኝ መሰለህ? ‹ልጁን ቀብሮ እኔ ጋ ለመጣ ሰው፣ እኔም ልሞት ነው ልበለው? አንተ ብትሆን ትለዋለህ?›»

አጥሩን ያዝኩ። የኔው ታምሬ ነው። ሰሎሞን ቢዋሽ እንኳ እንዲህ አድርጎ ሊፈጥረው አይችልም።

«ወርቁስ?»

ሰሎሞን ሳቅ ብልጭ አለበትና ወዲያው ጠፋ። «ወርቁ ደህና ዋላችሁ እንኳ አላለም። ገና ከበሩ ሱሪውን ወደ ላይ ሰበሰበና ‹ይኸው እግሬ! እየው! በስብሷል!› አለ። ኤሪክ ጻፈ። አየር ማረፊያ ስሸኘው ኤሪክን ያዝኩት፤ ታምራት በጠና ታሟል፣ አትመነው አልኩት። ‹እኔ ጠይቄው ደህና ነኝ አለኝ እኮ› አለኝ። እነሱ አገር ሰው ደህና ነኝ ካለ ደህና ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ደግሞም ፈርሞ ሰጥቷቸው ነበር።»

ወርቁ ዛሬም አለ፣ በክራንች ይሄዳል፣ የልጅ ልጅ አይቷል። አልጠላውም። ግን ምነው፣ ያን ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ታምሬ ባለጌ በሆነልን ኖሮ።

«እናታችሁ አሉ?» አለኝ ሰሎሞን።

«አለች።»

«ስለ እኔ ምን ይላሉ?»

ነገርኩት። አንገቱን ደፋ። ታክሲዎች እየመጡ እየሞሉ ይሄዳሉ፣ ረዳቶቹ ይጮሃሉ፣ ሰልፉ አያልቅም። ቆይቶ «ልምጣና ልንገራቸው?» አለኝ። «እግራቸው ላይ ወድቄ ለአንተ እንደነገርኩህ እነግራቸዋለሁ።»

እሺ ልለው ነበር። እግዜር ያውቃል፣ እሺ ልለው ነበር። ከዚያ እናቴ ትዝ አለችኝ። ልጅ ሳለን ታምራት ጥርሱን አሞት እያለቀሰ፣ ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን ቤታችን ገባች። እናቴ ታምራትን ወደ ጓዳ ጎትታ ቆነጠጠችው። «ሐዘን የደረሰበት ሰው ፊት ያንተ ጥርስ አይወራም!» አለችው። ታምራት ፊቱን ጠርጎ ወጣና የሴትዮዋን ጉልበት ሳመ፤ እናቴም ለዓመታት «ልጄን ያየ!» እያለች ለሰው ሁሉ ታወራው ነበር። ሰሎሞን መጥቶ እውነቱን ቢነግራት የምትሰማው ይህንን ነው። ማን እንዳስተማረው ትሰማለች። ሰማንያ ያለፋት ሴት ያንን ይዛ እንዴት ታድራለች?

«አትምጣ» አልኩት። ምክንያቱን በተቆራረጠ አማርኛዬ ነገርኩት። ገባው።

«እንግዲያው ይርገሙኝ» አለ። «እኔ ልጅ አልቀበርኩም። እችለዋለሁ።»

ተጨባበጥን። እሱ ወደ ሰልፉ መጨረሻ ተመለሰ፣ እኔ አብሬው መሳፈር ስላልቻልኩ በእግሬ በሲኤምሲ በኩል ወደ ቤት ነጎድኩ።

በሙት ዓመቱ ዕለት ጎረቤቶች መጡ፤ ኮንዶሚኒየሙ ጠባብ ስለሆነ ወንበር ያላገኘ አልጋ ላይ ተቀመጠ። ቄሱ ጸሎት አድርሰው ከተመገብን በኋላ እናቴ በጎረቤት ልጆች ተደግፋ ተነሳች። ሙታንን አሰበች፣ ዘመዶቻችን የምትላቸውን የወደብ ሰዎች አሰበች፣ አገር ሰላም ይሁን አለች። ሰው ሁሉ አሜን አለ። ከዚያ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘረጋች፣ ድምፅዋ ተለወጠ። «ልጄን በምላሱ የገደለውን፣ ምላሱን ይያዝልኝ። ቤቱ ኦና ይሁን» አለች።

ቄሱ «ኧረ እማማ» አሉ። ጎረቤቶቹ ዓይናቸውን ምንጣፉ ላይ ጣሉ። እናቴ እጇን ሳታወርድ ወደ እኔ ዞረች፤ ዓይኗ ብዙም አያይም፣ የተቀመጥኩበትን ግን ታውቃለች።

«አንተስ?» አለችኝ። «ወንድምህ አይደለም?»

«አሜን» አልኩ።